ንጥቀት የሚሉት ምንድን ነው? እናቴስ ወደ ኋላ ቀረች?

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ? የምጽፍልዎ ከቢቸና አካባቢ ነው። እናታችን ካረፈች ሁለት ወር ሆናት፤ አርባዋን አውጥተናል፣ ሰማንያዋ እየደረሰ ነው። ታናሽ ወንድሜ ለአርባው ከከተማ መጥቶ ሳለ በስልኩ አንድ ስብከት አሳየን። ክርስቶስ በድብቅ መጥቶ የራሱ የሆኑትን ይነጥቃል፣ የቀረው ሰው 7 ዓመት ታላቅ መከራ ይቀበላል፣ ከዚያ በኋላ በግልጥ መጥቶ በምድር 1,000 ዓመት ይነግሣል ይላል። ጥቅሱ የተነበበው ከ1ኛ ተሰሎንቄ 4 ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ ልጆቼ ማታ ወደ ጓዳ ስገባ እንኳ «እማዬ ተነጠቀች» እያሉ ይጮኻሉ። ወንድሜ ደግሞ «ስምንተኛው ሺህ ነው፣ ጊዜው አልቋል፣ ተዝካርም አይጠቅማትም» ብሎኝ ሄደ። እናቴ ቀድማ በመሞቷ ወደ ኋላ ቀረች ማለት ነው? ዘመድስ ለሰማንያዋ ከጥማዱ አንዱን በሬ ሽጠን እንድንደግስ ይገፋፋናል፤ ላድርገው?

መልስ፦ እኅቴ፣ እግዚአብሔር ያጽናሽ። የእናትሽን ነፍስ በአብርሃም፣ በይስሐቅ፣ በያዕቆብ አጠገብ ያኑርልን። ጥያቄሽ አራት አምስት ነገር አብሮ የያዘ ነው፤ ከሁሉ በፊት ግን እናትሽን የሚመለከተውን ላንሣ።

የተነበበላችሁ ጥቅስ እውነተኛ ነው። ስሕተቱ ከየት ተጀምሮ እንደተነበበ ነው። መጽሐፍ ቅዱስሽን ግለጪና ከቁጥር 16 ሳይሆን ከቁጥር 13 ጀምሪ። የተሰሎንቄ ምእመናን ያስጨነቃቸው ልክ አንቺን ያስጨነቀሽ ነገር ነበር፦ ጌታ ይመጣል ብለው ሲጠባበቁ ከመካከላቸው ሰው ሞተባቸው። «እነዚህ የሞቱብን ሳያዩት ሊቀሩ ነው ወይ?» አሉ። ቅዱስ ጳውሎስ የጻፈላቸው ተስፋ እንደሌላቸው ሰዎች እንዳያዝኑ ነው፤ ክፍሉንም በቁጥር 18 የዘጋው እርስ በርሳችሁ በዚህ ቃል ተጽናኑ ብሎ ነው። ለለቅሶ ቤት የተጻፈ የማጽናኛ ቃል ነው ለልጆችሽ ማስፈራሪያ የሆነው።

አሁን ቁጥር 16ን እይ። ጌታ ከሰማይ የሚወርደው በትእዛዝ፣ በመላእክት አለቃ ድምፅና በእግዚአብሔር መለከት ነው። ከሦስቱ በድብቅ የሚሆነው የትኛው ነው? ቀጥሎ ተራው ተቀምጧል፦ በክርስቶስ የሞቱት አስቀድመው ይነሣሉ፤ ከዚያ በሕይወት ያሉት «ከእነርሱ ጋር» በደመና ይነጠቃሉ። አስቀድመው የሚለው ለሞቱት ነው። እናትሽ ከኋላሽ ሳትሆን ከፊትሽ ናት፤ አንቺ ያን ጊዜ በሕይወት ብትኖሪ እንኳ እርሷ ሳትነሣ አትቀድሚያትም።

«እንነጠቃለን» የሚለው ቃል ራሱ አያስደንግጥሽ፤ መጻሕፍት የሚያውቁት ቃል ነው። በሐዋርያት ሥራ 8፥39 ኢትዮጵያዊው ጃንደረባ ተጠምቆ ከውኃ ሲወጣ የጌታ መንፈስ ፊልጶስን ነጠቀው ይላል። ፊልጶስ ከዓለም አልጠፋም፤ አዛጦን በምትባል ከተማ ተገኝቶ ወንጌል ሲሰብክ ዋለ። መነጠቅ ማለት በእግዚአብሔር ኃይል በድንገት መወሰድ ነው፤ መሰወርን ወይም መደበቅን ግድ አይልም። ዓላማውንም ጳውሎስ ነግሮናል፦ «ጌታን በአየር ለመቀበል»። ይህ መቀበል በግሪኩ አፓንቴሲስ ይባላል፤ በሐዲስ ኪዳን ሌላ ሁለት ቦታ ይገኛል። አንዱ በማቴዎስ 25፥6 ደናግሉ ሙሽራውን ሊቀበሉ ሲወጡ ነው። ሌላው በሐዋርያት ሥራ 28፥15 የሮሜ ወንድሞች ጳውሎስን ሊቀበሉ እስከ አፍዩስ ፋሩስ፣ ከከተማቸው 65 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀው ሲመጡ ነው። በሁለቱም ቦታ ተቀባዩ ወጥቶ ከእንግዳው ጋር ይገባል። ይህን ለጎጃም ሰው ማስረዳት አይከብድም። ጳጳስ ወደ አጥቢያችሁ ሲመጣ ሕዝቡ ከበሮውን፣ ጽናጽሉን፣ ጃንጥላውን ይዞ እስከ ወንዙ ድረስ ይወርድ የለ? ወርዶ ግን እንግዳውን ከመንገድ መልሶ ይዞት አይሄድም፤ እያሸበሸበ አጅቦ ያስገባዋል። ጌታም ሊፈርድ ሲመጣ የራሱ የሆኑት ወጥተው ይቀበሉታል እንጂ፣ እርሱ ደመና ላይ ደርሶ ለ7 ዓመት አይመለስም።

ቤተ ክርስቲያናችን ይህን ምዕራፍ መቼ እንደምታነበው ታውቂያለሽ? በዐቢይ ጾም እኩሌታ፣ በአምስተኛው እሑድ፣ በደብረ ዘይት ነው። የዕለቱ ምስባክ፣ ማለት ከወንጌል በፊት የሚዜመው የመዝሙር ጥቅስ፣ ከመዝሙር 49፥2-3 (በአንዳንዱ የአማርኛ እትም 50፥3) ነው፦ «እግዚአብሔርሰ ገሀደ ይመጽእ፣ ወአምላክነሂ ኢያረምም፣ እሳት ይነድድ ቅድሜሁ።» እግዚአብሔር በግልጥ ይመጣል፣ አምላካችን ዝም አይልም፣ በፊቱ እሳት ይነዳል። ወንጌሉ ማቴዎስ 24 ነው፤ መብረቅ ከምሥራቅ ወጥቶ እስከ ምዕራብ እንደሚታይ የሰው ልጅ መምጣት እንዲሁ ይሆናል የሚለው እዚያ ነው። የእሑዱ ስም የመጣው ደግሞ ጌታ ስለ መምጣቱ ለደቀ መዛሙርቱ ካስተማረበት ተራራ ነው። አባቶች እነዚህን ንባባት በአንድ ቀን ያገናኟቸው በአጋጣሚ አይደለም። ተሰሎንቄን «ገሀደ ይመጽእ» ከሚለው ለይቶ የሚያነብ ሰው፣ ከቅኔው ሰሙን ጥሎ ወርቁን ራሱ እንደሚፈጥር ተማሪ ነው፤ ይህን ዋሸራም ሆነ ጎንጅ ቅኔ ቤት የዋለ ሰው ያውቀዋል።

ደግሞ ቃሉን ራሱን አስቢው። «ዳግም» ሁለተኛ ማለት ነው። ዕብራውያን 9፥28 ክርስቶስ ለሚጠባበቁት ሁለተኛ ጊዜ ይታያል ይላል። አንድ ጊዜ በድብቅ፣ ሌላ ጊዜ በግልጥ ከመጣ የኋለኛው ሦስተኛ ሊሆን ነው፤ ሣልስ ምጽአት የሚል ትምህርት ደግሞ የለንም። በጸሎተ ሃይማኖት የምንለው «ዳግመ ይመጽእ በስብሐት»፣ ዳግመኛ በክብር ይመጣል ነው፤ በቅዳሴም ሕዝቡ «ነአምን ዕርገተከ ወዳግመ ምጽአተከ»፣ ዕርገትህንና ዳግም መምጣትህን እናምናለን ብሎ ይመልሳል። ቅዳሴ ባስቀደስሽ ቁጥር ስትመሰክሪው ኖረሻል።

ታዲያ ትምህርቱ ከየት መጣ? በድብቅ ስለሚሆን ንጥቀትና ከዚያ በኋላ ስለሚመጣ የ7 ዓመት መከራ የሚያስተምረው ሥርዓት የተደራጀው እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1830ዎቹ፣ በእንግሊዝና በአየርላንድ ጆን ኔልሰን ዳርቢ በተባለ ሰባኪ ነው። በ1909 ስኮፊልድ የተባለ አሜሪካዊ በመጽሐፍ ቅዱስ ግርጌ ማብራሪያ አድርጎ አሳተመውና በአሜሪካ ተስፋፋ። የፕሮቴስታንት ጀማሪዎቹ ሉተርም ካልቪንም አላስተማሩትም፤ ዛሬም ብዙ የፕሮቴስታንት አብያተ ክርስቲያናት አይቀበሉትም። ስለዚህ ወንድምሽን «ጴንጤ ሆንክ» ብለሽ አትጣዪው፤ የሰማው የአንድ ወገን ትምህርት ነው።

7 ዓመቱን ያገኙት ከዳንኤል 9 ነው። 70 ሱባዔ ተቆጥሯል፣ አንዱ ሱባዔ 7 ዓመት ነው፤ እነርሱ የመጨረሻውን አንድ ሱባዔ ቆርጠው ወደ ዓለም ፍጻሜ ወሰዱት። ሊቃውንቶቻችን ሱባዔውን ሳይቆርጡ ለክርስቶስ የመጀመሪያ መምጣትና ለሞቱ ይቆጥሩታል። «ቤተ ክርስቲያን ከመከራው በፊት ትነጠቃለች» የሚለውን ደግሞ ሁለት ንባብ አይቀበሉትም። በማቴዎስ 24፥29-31 ጌታ የተመረጡትን በመለከት የሚሰበስበው «ከዚያች ወራትም መከራ በኋላ» ነው። በ2ኛ ተሰሎንቄ 2 ጳውሎስ «ወደ እርሱ ስለ መሰብሰባችን» ሲጽፍ፣ ክህደቱ ሳይመጣና የዓመፅ ሰው ሳይገለጥ ያ ቀን አይደርስም ይላል። ያው ሐዋርያ፣ ለዚያችው ቤተ ክርስቲያን፣ ስለዚያው ነገር የጻፈው ነው። ጌታም በዮሐንስ 17፥15 ለእኛ የለመነው ከክፉ እንድንጠበቅ እንጂ ከዓለም እንድንወጣ አይደለም።

ወንድምሽ «በወፍጮ ከሚፈጩት ከሁለቱ አንዲቱ ትወሰዳለች፣ አንዲቱ ትቀራለች ይላል እኮ» ካለሽ፣ ቃሉ ያው ማቴዎስ 24 ውስጥ መሆኑን አሳዪው። የሚነገረው መብረቅ መስሎ ስለሚታየው መምጣት ነው። በዚያ ቀን ሰው ከሰው ይለያል፤ በአንድ ወፍጮ አብሮ መዋል አያድንም። ሌላ ምሥጢር አትፈልጊበት።

«ስምንተኛው ሺህ» የሚለውን በሁለት መስመር ላቅልልሽ። በባሕረ ሐሳብ፣ በቤተ ክርስቲያናችን የዘመን ቀመር፣ ዓመተ ዓለም (ከዓለም ፍጥረት ጀምሮ ያለው ዓመት) የሚገኘው 5500 በዓመተ ምሕረቱ ላይ ሲደመር ነው። 1501 ዓ.ም ሲደመር 5500፣ 7001 ይሆናል፤ ስምንተኛው ሺህ የገባው ያኔ ነው ማለት ነው። ከገባ 500 ዓመት አልፎታል። አያቶቻችን ቃሉን ጊዜ ሲከፋ ቢናገሩትም ቀን ለመቁረጥ አልነበረም። ቀን የቆረጡ ብዙዎች አፍረዋል፤ በአሜሪካ ዊልያም ሚለርና ተከታዮቹ እንደ ፈረንጆች በጥቅምት 22 ቀን 1844 ጌታ ይመጣል ብለው ነበር፤ እርሻቸውን ሳይሰበስቡ የቀሩም ነበሩ። ቀኑንና ሰዓቱን ከአብ በቀር የሚያውቅ የለም ተብሏል፤ ቁጥር ይዞ የመጣ ሰባኪ ስልክሽ ላይ ከታየ ዝጊው።

1,000 ዓመቱም ራእይ 20 ላይ ያለ ነው። ሊቃውንት በቀመር አይቆጥሩትም፤ ጌታ በመስቀሉ ሰይጣንን ካሰረ ጀምሮ እስከ ምጽአቱ ያለውን ዘመን ያሳያል ይላሉ። እዚያው «ፊተኛው ትንሣኤ» የተባለው ደግሞ በጥምቀትና በንስሐ ነፍስ የምትነሣው ነው። ይህን አማርኛችን ጠብቆታል፦ ሰው ተጠመቀ ስንል «ክርስትና ተነሣ» እንላለን። ልጆችሽ አንዴ ተነሥተዋል፤ የሚቀረው የሥጋ ትንሣኤ ነው። በምድር 1,000 ዓመት ነግሦ የሚያልቅ መንግሥት ግን ጸሎተ ሃይማኖት «ወአልቦ ማኅለቅት ለመንግሥቱ»፣ ለመንግሥቱ ፍጻሜ የለውም ከሚለው ጋር አይገጥምም።

ወደ ትንሣኤ እንምጣ፤ ምክንያቱም ብዙ ሰው «ነፍስ ገነት ከገባች ሥጋ ለምን ይነሣል?» ይላል። ሰው ነፍስ ብቻ አይደለም። የጾመው ሆድ፣ የሰገደው ጉልበት፣ ሲሰርቅ የተዘረጋው እጅም የሥጋ ናቸው፤ ዋጋውም ፍርዱም በሁለቱ ላይ ነው። ዮሐንስ 5፥28-29 በመቃብር ያሉ ሁሉ ድምፁን ሰምተው ይወጣሉ ይላል፦ መልካም ያደረጉ ለሕይወት ትንሣኤ፣ ክፉ ያደረጉ ለፍርድ ትንሣኤ። መምህራን ትንሣኤውን በሦስት ነጋሪት ያስረዱታል። በመጀመሪያው የተበተነው ትቢያ ይሰበሰባል፤ በሁለተኛው አጥንት ከአጥንት፣ ሥጋ ከጅማት ይያያዛል፤ በሦስተኛው ነፍስ ተዋሕዳው እያንዳንዱ ሥራውን ይዞ ይቆማል። ሕዝቅኤል 37 ላይ የደረቁትን አጥንቶች ካነበብሽ ተራው ይገባሻል። አባይ የወሰደው፣ አውሬ የበላው፣ እሳት ያቃጠለውም አይቀርም፤ ራእይ 20፥13 ባሕርም በውስጡ ያሉትን ሙታን ሰጠ ይላል። ከምንም የፈጠረ አምላክ ከትቢያ መሰብሰብ አይከብደውም።

«በምን ዓይነት ሥጋ?» ለሚለው ጳውሎስ በ1ኛ ቆሮንቶስ 15 የዘር ቅንጣት አምጥቷል። እርሱ ስንዴ ይበል እንጂ ለእናንተ አገር ጤፍ ይሻላል። አንድ ግራም ጤፍ ውስጥ 3,000 ገደማ ቅንጣት አለ። በሐምሌ በከብት በተረገጠ ጭቃ ላይ ሲረጭ ከአፈሩ አይለይም፤ ያላወቀ ቢያይ ገበሬው እህል ጣለ ይላል። ቅንጣቷ በስብሳ የሚወጣው ሌላ ነገር ነው፦ ሥር፣ አገዳ፣ ዛላ። ሆኖም ነጭ ጤፍ ዘርቶ ቀይ ያጨደ የለም። ሥጋችንም እንዲሁ ነው። በመበስበስ ይዘራል፣ ባለመበስበስ ይነሣል፤ በድካም ይዘራል፣ በኃይል ይነሣል። ግን ያው እናትሽ ናት። ጌታ ከተነሣ በኋላ በተዘጋ በር ገብቶ፣ የተወጋ ጎኑንም ለቶማስ አሳይቷል፤ አዲስ ክብር፣ ያው አካል።

የእናትሽ ነፍስ ዛሬ የት ናት ለሚለው፦ በቤተ ክርስቲያን ትምህርት የጻድቃን ነፍሳት በገነት፣ የኃጥአን ነፍሳት በሲኦል ሆነው ትንሣኤን ይጠብቃሉ፤ መንግሥተ ሰማያትና ገሃነም ከፍርድ በኋላ ናቸው። ስለዚህ «ጊዜው አልቋል፣ ጸሎት አይጠቅምም» ማለት አይቻልም፤ ፍርዱ ገና ነው። ጳውሎስ በ2ኛ ጢሞቴዎስ 1፥18 ለሄኔሲፎሩ «በዚያን ቀን ምሕረትን እንዲያገኝ ጌታ ይስጠው» ብሎ ጸልዮለታል። ሰላምታ ሲያቀርብ ቤተ ሰዎቹን ብቻ ስለሚጠራ ሰውዬው ያን ጊዜ አርፎ እንደነበር ብዙ መምህራን ይናገራሉ። እናትሽ ስትቀበርም ራሷ ወደ ምዕራብ፣ እግሯ ወደ ምሥራቅ የተደረገው፣ ስትነሣ ፊቷ ጌታ ወደሚመጣበት እንዲሆን ነው። ዲያቆኑ በቅዳሴ «ወደ ምሥራቅ ተመልከቱ» የሚለውም ከዚሁ ጋር ይሄዳል።

ሰማንያውን በተመለከተ ግልጥ ልናገር፦ በሬውን አትሽጪ። ጥማድ ከፈታሽ በሚቀጥለው ክረምት እርሻሽ በኪራይ በሬ ይሆናል፤ ለእናትሽ ነፍስ ያተረፍሽው ነገር ግን አይኖርም። ተዝካር ማለት መታሰቢያ ነው፤ ጸሎት፣ መሥዋዕትና ምጽዋት። ችግሩ በኛ አገር ድግሱ ከጸሎቱ መብለጡ ነው። «የእገሌ ሰማንያ ሦስት በሬ ታርዶበታል» እየተባለ በፉክክር ይበላል፣ ጠላና አረቄ ይጠጣል፣ ማታ ላይ ጠብ ይነሣል፣ በማግስቱ ባለቤቱ ባለ ዕዳ ሆኖ ይነቃል። ካህናቱም ይህን እያዩ ዝም ማለታቸው ያሳዝነኛል።

የሚበቃው ይህ ነው። ከሰማንያው ሁለት ሳምንት በፊት ወደ ነፍስ አባትሽ ሂጂና ቀኑን አብራችሁ ቁጠሩ፤ ብዙ ቤት በአንድ ቀን ይሳሳታል። የእናትሽን የክርስትና ስም በወረቀት ጽፈሽ ስጪ፤ በቤት ስም የሚያስጠራ ብዙ ነው። የአቅምሽን ዕጣን፣ ጧፍ፣ ለመሥዋዕቱ ንጹሕ ስንዴና ዘቢብ አድርሺ። በዕለቱ ጸሎተ ፍትሐቱ ይደረስላታል፣ ቅዳሴ ይቀደሳል፤ ቤተ ሰቡም አስቀድሶ ይዋል። ቀኑ ጾም ላይ ከዋለ ዝክሩ የጾም ነው፤ ሽሮና እንጀራ፣ ንፍሮ፣ ጠላ ይበቃል፤ ስለ ሰው አፍ ብለሽ ጾም አትሻሪ። ከዚያ የምታበዪውን ምረጪ። ከአብነት ትምህርት ቤቱ ደበሎ ለብሶ አኩፋዳውን አንግቶ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ በራፍሽ ላይ የሚቆመውን የቆሎ ተማሪ፣ ጎረቤት ያለችውን ጧሪ የሌላት አሮጊት፣ የታመመውን አስቀድሚ። በማቴዎስ 25 ጌታ በፍርድ ቀን የሚጠይቃቸው ስድስቱ ነገሮች ብራብ፣ ብጠማ፣ እንግዳ ብሆን፣ ብታረዝ፣ ብታመም፣ ብታሰር የሚሉ ናቸው፤ የድግሱ ስፋት የለበትም።

ለራስሽ ደግሞ፦ ጌታ በዮሐንስ 6፥54 «ሥጋዬን የሚበላ ደሜንም የሚጠጣ የዘላለም ሕይወት አለው፥ እኔም በመጨረሻው ቀን አስነሣዋለሁ» ብሏል። «ብነጠቅስ፣ ብቀርስ» እያልሽ ከምትቃዢ ኃጢአትሽን ለነፍስ አባትሽ ተናዘዢ፣ የሰጡሽን ቀኖና ፈጽሚ፣ 18 ሰዓት ጾመሽ ቁረቢ፤ ባለ ትዳር ከሆንሽ ከቁርባን በፊት ሦስት ቀን መለየቱንም አትርሺ። የሰማንያው ዕለት ብትደርሺ መልካም ነው፤ ካልደረስሽ ቀኖናሽን ሳትጨርሺ አትቸኩይ።

ልጆቹን በተመለከተ፣ ከቤት ስትወጪ ወዴት እንደምትሄጂና መቼ እንደምትመለሺ ንገሪያቸው፤ ለትንሽ ልጅ ይህ ከስብከት ይበልጣል። ማታ ከመተኛታቸው በፊት ከጸሎተ ሃይማኖት «ወንሴፎ ትንሣኤ ሙታን» የሚለውን አስጠኛቸው፤ የሙታንን መነሣት ተስፋ እናደርጋለን ማለት መሆኑን፣ አያታቸው እንደምትነሣ፣ ጌታ ሲመጣም ማንም ሳያየው እንደማይመጣ ንገሪያቸው። ወንድምሽን ደግሞ ለደብረ ዘይት ወደ ቢቸና ጥሪው። ከቅዳሴ መግቢያ ጀምሮ ይቁም፤ ዲያቆኑ መልእክተ ጳውሎስን ሲያነብ እስከ ቁጥር 18 ያድምጥ፣ ምስባኩ ሲሰበክ ደግሞ «ገሀደ» የሚለውን ቃል ይያዝ። ከዚያ በኋላ የሚጠይቀው ካለው፣ ከአንቺ ጋር ሳይሆን ከመምህር ጋር ቁጭ ብሎ ይጠይቅ።